ሽጉጥ ማንም ሳይነካት ትባርቃለች ወይ ላልከው

«ሟቹ አባቴ ትቷት የሄደው ቲቲ ሽጉጥ ከቁም ሳጥን ላይ ወድቃ ባረቀች። ጥይቱ ጣሪያውን በሳው። ትንሹ ወንድሜ ብርድ ልብስ ሊያወርድ ወጥቶ ነበር፤ ቃታውን አልነካሁም ብሎ ይምላል። ቤተሰቡ አላመነውም። ሴፍቲዋ ደግሞ ተቆልፎ ነበር» ብለህ ጠይቀሃል።

እንኳን ተረፋችሁ። አዎ፣ ትባርቃለች። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ የመሳሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንደ ድሬ ልጅ አንተ እያልኩ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሴፍቲ ያልከውን እናስተካክል። ቲቲ ሴፍቲ የላትም። የሶቪየቱ መሳሪያ ሠሪ ቶካሬቭ እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሠራት፣ በ1933 ስትሻሻልም፣ በጣት የሚገፋ መቆለፊያ አልተደረገላትም። በኋላ ለውጭ ገበያ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ላይ ነው የተጨመረው። ሰው ሴፍቲ የሚለው መዶሻዋ፣ ማለት ከኋላዋ ያለው የሚመታው ብረት፣ ግማሽ ላይ ሲቆም ነው። መዶሻው ላይ አንዲት ጠባብ ጥርስ አለች። የቃታው መያዣ ብረት እዚያች ውስጥ ሲገባ ቃታው አይሳብም፣ የላይኛው ብረትም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የተቆለፈች ይመስላል። ግን ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያች ጥርስ ላይ ነው። ስንት ሰው እጅ ላይ ያለፈች አሮጌ ሽጉጥ ጥርሷ ይበላል፣ ይሸረፋል። በመዶሻዋ በኩል ሲሚንቶ ላይ ከወደቀች ጥርሷ ልትሰበር ትችላለች። ያኔ መዶሻው ወደ ፊት ይሄድና ጥይቱን የሚወጋውን መርፌ ይመታል። ቃታ መንካት አያስፈልግም።

መዶሻው ሙሉ በሙሉ ወርዶ ከነበረም አትተማመን። ምቱ በመዶሻው አልፎ መርፌው ጋ ሊደርስ ይችላል።

ዓይኔ እያየ የሆነ ነገር ልንገርህ። አንድ ባልደረባዬ ቲቲውን ጥይት አጉርሶ፣ መዶሻዋን ግማሽ ላይ አድርጎ ወገቡ ላይ ይሸጉጣት ነበር። አንድ ቀን ጎንበስ ሲል ሾልካ ወደቀች። ጥይቱ በባቱ ገብቶ ወጣ። እግሩ ተረፈ፤ እስከ ዛሬ ግን ደረጃ ሲወጣ ያነክሳል። ሽጉጧን ስፈታት ጥርሷ ግማሹ የለም።

ሌላው አደጋ መዶሻዋን ግማሽ ላይ ማድረጉ ራሱ ነው። ጥይት ከጎረሰች በኋላ መዶሻውን በአውራ ጣትህ ይዘህ፣ ቃታውን ስበህ፣ ቀስ አድርገህ ታወርዳለህ። እስቲ አስበው። በድሬ የሰኔ ሙቀት፣ ጣትህ ላብ በላብ ሆኖ! እኔ ራሴ አምልጦኛል። አፈሙዟን ወደ አሸዋ ጆንያው አዙሬ ስለነበር ጥይቱ እዚያ ቀረ። ከግድግዳው ማዶ ሁለት ሰዎች ቡና እየጠጡ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ጥይት የጎረሰች ቲቲ መዶሻ አውርጄ አላውቅም። ጥይቱን ማውጣት ነው እንጂ።

ማካሮቭ የምትባለው ሌላዋ የሶቪየት ሽጉጥ ትሻላለች የሚል አይጠፋም። በዚህ በኩል እውነት ነው። ሴፍቲዋ መዶሻውን ራሱ ያወርደዋል፣ መርፌው ጋ እንዳይደርስም ያግደዋል። ግን መርፌዋ የሚመልሰው ሞላ የለውም፤ ቦታው ውስጥ ልቅ ነው። ቅባት ደርቆበት፣ አቧራና ዝገት ይዞት ወደ ፊት እንደወጣ ከቀረ ገና ስታቀባብላት ልትተኩስ ትችላለች። ጣሊያን ይዟት የመጣው የ1934ቷ ቤሬታ ደግሞ ሴፍቲዋ የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው፤ መዶሻውን አይነካም። አዲስ ሽጉጥም ቢሆን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲግ ሳወር የሚባለው ፋብሪካ ፒ320 የተባለችውን ሽጉጡን በነፃ አስተካክላለሁ ብሎ አስታወቀ። በአንድ አቅጣጫ ከወደቀች ቃታዋ በራሱ ክብደት ሊሳብ ይችል ነበር።

አሁን ምን ታደርግ ላልከው፦ አትንኳት። እስቲ ልሞክራት የሚል ዘመድ ካለም ከልክለው። አንዴ ስለባረቀች ባዶ ናት አትበል፤ ስትተኩስ ካዝናው ውስጥ ጥይት ካለ ሌላ ትጎርሳለች፣ መዶሻዋም ተነስቶ ይቀራል። ያለችበትን ክፍል ቆልፉና ፖሊስ ጥሩ፤ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ያራግፋት። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ከዚያ ነው ወደ ኋላ የምትሳበው። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ቀድሞ ይስብና አንድ ጥይት ሲዘል አይቶ ባዶ ናት ይላል፤ እሷ ግን ከካዝናው ሌላ ጎርሳለች። ወረቀቱንም አዘጋጁ። ፈቃድ ካላት በአባትህ ስም ነው የሚሆነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሳሪያ መያዝ አይቻልም።

ወንድምህን በተመለከተ። ጥይቱ ጣሪያ ከበሳ አፈሙዟ ወደ ላይ ነበር፣ መዶሻዋ ወደ መሬት። ሽጉጧ ከተራገፈች በኋላ ከቁም ሳጥኑ ሥር ሲሚንቶው ላይ አዲስ ጭረት ፈልጉ። ቀዳዳው ከዚያ ጭረት በላይ ከሆነ ሽጉጧ መሬት ስትደርስ ሳትባርቅ አልቀረችም። ይህ የልጁን ቃል ይደግፋል። ቆርቆሮውን ከመድፈናችሁ በፊት ያላመኑትን ሁሉ እዚያ አቁመህ አሳያቸው፤ እሱም አብሮ ይቁም።