በሬምብራንት ሥዕል ፊት ማልቀስ ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የምማር የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ሬምብራንት የተባለው የሆላንድ ሠዓሊ ስለ ጠፋው ልጅ የሣለውን ሥዕል በስልኬ አይቼ ደጋግሜ አለቀስሁ። ጓደኛዬ ግን «የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ስላልሆነ ልታዪው አይገባም» አለችኝ። በደብራችን ግድግዳ ላይ ባሉት ሥዕሎች ፊት ስቆም ደግሞ ምንም አይሰማኝም፤ ፊታቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኛል። የሬምብራንትን ሥዕል አሳትሜ በመኝታ ክፍሌ በጸሎት ቦታዬ ልሰቅለው እችላለሁን? አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ናቸው።

አንዲት እኅት፣ ከጅማ

መልስ፦ የተወደድሽ እኅቴ፣ ሰላም ለአንቺም ይብዛልሽ።

ያስለቀሰሽ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ነው። ስለዚህ ኃጢአት አልሠራሽም። እግዚአብሔር ባስልኤልን ለእጅ ሥራ በመንፈሱ እንደ ሞላው በዘፀአት 31 ተጽፏል፤ የእጅ ጥበብ የእርሱ ስጦታ ናትና ከየትኛውም አገር ብትመጣ አታስፈራንም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዕንባው በኋላ ያለው ነው። ወደ ንስሐ አባትሽ ሄደሻልን? ከተቀየምሽው ሰው ጋር ታርቀሻልን? ሥዕል ልብን አራርቶ እዚያው ከተወው ስሜት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወንጌሉን ከፍተሽ ምዕራፉን በሙሉ አንብቢና ወደ ሥዕሉ ተመለሺ። በሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የኤርሚታዥ ሙዚየም ያለው ይህ ሥዕል ቁመቱ 262፣ ወርዱ 205 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በፊቱ የሚቆም ሰው አባትና ልጁን በሰው ልክ ያያቸዋል። አንቺ በስልክ ስለምታዪው እያጎላሽ ክፍል በክፍል ተመልከቺው። ሬምብራንት የሣለው እ.ኤ.አ. በ1669 ከመሞቱ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ቀብሯል፤ በ1656 በዕዳ ምክንያት ከስሮ ንብረቱ ተሸጧል። ባዶ እጅ መቅረትን ያውቀዋል።

የልጁን እግር እዪ። የግራ ጫማው ወልቆ ባዶ የውስጥ እግሩ ይታያል፤ የቀኙም ጫማ ተረከዙ አልቋል። በወንጌሉ አባትየው «ለእግሩም ጫማ ስጡ» ይላል፤ ሠዓሊው የያዘው ይህ ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው። አዲሱ ጫማ ገና አልመጣም፣ ቀለበቱም የለም፤ የአባቱ እጆች ግን ጀርባው ላይ ናቸው። ልጁ በቆሸሸ እግሩ ሳለ ታቀፈ። «መጀመሪያ ልስተካከልና ከዚያ ንስሐ እገባለሁ» የሚል ሰው ሁሉ ይህን እግር ደጋግሞ ቢያየው እወዳለሁ።

ሥዕሉ ከወንጌሉ የሚለይበትንም አስተውዪ። በሉቃስ አባቱ ሮጦ ነው ያቀፈው፤ እዚህ ቆሟል። በሉቃስ ታላቁ ልጅ፣ ለወንድሙ በተደረገው አቀባበል የተቆጣው፣ በእርሻ ነበረ፤ እዚህ ግን በቀኝ በኩል ቀይ ካባ ለብሶ፣ በበትሩ ላይ እጆቹን አቆላልፎ የቆመው ሰው እርሱ እንደ ሆነ ይታመናል። የአባትየው እጆች ተዘርግተው የእርሱ ተቆልፈዋል። ሠዓሊው ለምን አመጣው? እኔ እንደማስበው ከቤት ወጥተን ለማናውቅ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ላደግን፣ ጾም ለማንገድፍ ሰዎች ነው። ለአንቺና ለእኔ ይበልጥ የሚያስፈራን የእርሱ ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት ስታገኚ ወንጌሉን ያዢ፤ ሠዓሊው ተርጓሚ እንጂ ወንጌላዊ አይደለም።

በጸሎት ቦታሽ ግን አትስቀዪው። ለጸሎት የምንጠቀመው ሥዕለ አድኅኖ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተሥሎ በካህን የተባረከ ነው። የሬምብራንት ሥዕል ለትምህርትና ለተመስጦ ይሁንልሽ። ይህን የምልሽ የፈረንጅ ሥራ ስለ ሆነ አይደለም። በብዙ ቤት የምናየው የእመቤታችን ሥዕል፣ ልጇን በግራ ክንዷ ይዛ እጆቿን ያነባበረችበት፣ በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ጥንታዊ ሥዕል የተወሰደ ነው። ሠዓሊዎቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ቀለምና ሥርዓት ሣሉት፤ ቅዱስ ሚካኤልንና ቅዱስ ገብርኤልን በግራና በቀኝ አቆሙላት፤ ትውልድም በፊቱ ጸለየ። ከውጭ የመጣው በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ውስጥ ገብቶ የእኛ ሆነ።

ስለ ደብርሽ ሥዕሎች አትፈሪ፣ አላስተማሩሽም እንጂ ልብሽ አልደነደነም። የቅዱሳኑ ፊት የሚመሳሰለው ሠዓሊው መልካቸውን ሳይሆን ክብራቸውን ስለሚሥል ነው። ማንነታቸውን በምልክታቸው ታውቂያለሽ፦ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶቹና በነብሮቹ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በክንፎቻቸውና በተሰበረው እግራቸው። በጥንቱ አሣሣል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላሉ፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን። ትልልቆቹ ዓይኖች ወደ አንቺ ያያሉና ምን እንደሚያዩብሽ እያሰብሽ ቁሚ። በስቅለቱ ሥዕል ከመስቀሉ ሥር ያለውን የራስ ቅል ፈልጊ፤ የአዳም ነው፤ የጌታ ደም ወደ እርሱ ይወርዳል።

የቅዱስ ያሬድንም ሥዕል በእርጋታ እዪው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ይፈሳል፤ ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም። ሠዓሊው ጦሩን እግሩ ላይ እንደ ተተከለ፣ ፊቱን ግን ያለ አንዳች የሕመም ምልክት ይሥለዋል። እኛ በቅዳሴ መካከል ስልካችን ሲነዝር ልባችን ይወጣል። በሬምብራንት ፊት ያለቀሰች ነፍስ እዚህም ልታለቅስ የምትችልበት ምክንያት አላት።

ለደብርሽ ሥዕሎች የሰው ብዛት በማይኖርበት ቀን፣ ከኪዳን በኋላ ቆዪ፤ በአንድ ቀን አንድ ሥዕል ይበቃል። ታሪኩን የማታውቂ እንደ ሆነ በዚያው ያሉትን ካህን ወይም ዲያቆን ጠይቂ።

ስለ መኝታ ክፍልሽ፦ ምስለ ፍቁር ወልዳን፣ ማለትም እመቤታችንን ከልጇ ጋር የሚያሳየውን ትንሽ ሥዕል የንስሐ አባትሽን አስባርከሽ በአልጋሽ ራስጌ በኩል አድርጊ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በመጋረጃ እንደሚሸፈን አንቺም ንጹሕ ጨርቅ አበጂለት፤ ስትጸልዪ ግለጪው፣ ስትጨርሺ ሸፍኚው። አብረውሽ ያሉት ልጆች ከጠየቁሽ ለጨርቁና ለቀለሙ እንደማትሰግጂ፣ ክብሩ ለተሣለው እንደ ሆነ በትሕትና ንገሪያቸው። ስግደትሽም የእነርሱን እንቅልፍ በማይነካ ሰዓት ይሁን።