እባቡ ምግብ እምቢ አለ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ ኮርን ስኔክ የሚባል ትንሽዬ እባብ ገዛ። የዶሮ ሥጋ ቆርጬ ብሰጠው ዞር ብሎም አያየውም። ምን ላብላው?

መልስ፦ እህቴ፣ የዶሮ ሥጋውን ይተዉት። እባብ አይጥን ከነአጥንቷና ከነሆድ ዕቃዋ ነው የሚውጠው፤ ካልሲየሙንም ቫይታሚኑንም የሚያገኘው ከዚያ ነው፣ ቁራጭ ሥጋ ይህን ሁሉ አይሰጠውም። ለሕፃኑ እባብ የሚሆነው ፀጉር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል ናት፤ በረዶ ሆና በቤት እንስሳት መደብር ትሸጣለች። ማታ ፍሪጅ ውስጥ ትሟሟ፣ ከዚያ በላስቲክ አድርገው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከሯት። ማይክሮዌቭ ግን በጭራሽ! በየ5 እስከ 7 ቀኑ አንዷ ትበቃዋለች። ከበላ በኋላ 2 ቀን ማንም አይንካው። የሚኖርበት ሣጥን ሞቃቱ ጥግ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ የበላው አይፈጭለትም፣ ስለዚህ ይለኩት። አዲስ ቤት ገብቶ ሳምንት ቢጾም አይደንግጡ፤ እየከሳ ከሄደ ግን የእንስሳት ሐኪም ይየው።