ፍሳሽ ማጣሪያ ልግባ ወይስ ማስተርስ ልቀጥል?

ጥያቄ፦ «በአካባቢ ሳይንስ ተመርቄ ደሴ ቤተሰብ ጋር ነኝ። ፍላጎቴ ዘላቂ ልማት ላይ መሥራት ነው። ያመለከትኩበት ሁሉ 2 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። አሁን ኮምቦልቻ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፍሳሽ ማጣሪያው የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው፣ ሥራው በፈረቃ ነው። አባቴ ‹ለዚህ ነው የተማርሽው?› ይለኛል። እኔም ከምመኘው ሙያ የራቀ መስሎኛል። ልግባ ወይስ ማስተርስ ልቀጥል?»

መልስ፦

እህታችን፣ ግቢ። ማስተርሱ ይቆይሽ።

«ዘላቂ ልማት» የሚል የሥራ መደብ ደሴም ኮምቦልቻም ብትፈልጊ የምታገኚው ጥቂት ነው። ሥራው ግን አለ፣ በሌላ ስም ነው የሚጠራው። ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነሥቶ ደሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እዚያ የፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚያመጡ ትንንሽ ወንዞች ይቀላቀሉታል። ከዚያ በቃሉ ወረዳ ገበሬዎች ማሳ አጠገብ፣ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን በሚያሰማራበት በጨፋ ረግረግ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በዚያ ውሃ የበቀለ ሽንኩርት ተመልሶ ኮምቦልቻና ደሴ ገበያ ይወጣል፤ የፋብሪካው ሠራተኛም ገዝቶ ይበላዋል። ደመወዙ ከፋብሪካው፣ ወጡ ከወንዙ ነው። አንቺ ልትቀመጪ የተጠየቅሽው ሁለቱ የሚገናኙበት ቱቦ ላይ ነው።

የሚጠብቅሽን ልንገርሽ። የማጣሪያው ዋና ክፍል አየር የሚነፋበት ገንዳ ነው። እዚያ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ እንዲኖሩ በውሃው የሟሟው ኦክስጅን በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ መሆን አለበት። አየሩን የሚነፋው ብሎወር ማጣሪያው ከሚፈጀው መብራት ብዙውን ጊዜ ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ «ወጪ ቀንሱ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፤ «ሌሊት ማን ያየዋል» ተብሎ ይጠፋል። መብራት ሲሄድም ጄኔሬተሩ ለማምረቻው እንጂ ለማጣሪያው ላይደርስ ይችላል። ባክቴሪያው ለሰዓታት ከታፈነ እሱን የያዘው ዝቃጭ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ መርጋት በነበረበት ገንዳ ላይ ይንሳፈፍና ከተጣራው ውሃ ጋር አብሮ ይወጣል። ገንዳው እስኪያገግም ቀናት፣ ሲከፋም ሳምንታት ይፈልጋል። የአንድ ሌሊት የመብራት ቁጠባ ከዚህ ኪሳራ ጋር በብር ተሰልቶ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ውሳኔ ይለውጣል። ይህን ማስላት ከቻልሽ የምትፈልጊውን ሙያ ይዘሻል ማለት ነው።

በየፈረቃው ከምትሠሪያቸው አንዱ ቀላል ነው። ከአየር ገንዳው 1 ሊትር ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ታደርጊና 30 ደቂቃ ሳትነኪው ትተዪዋለሽ። የረጋው ዝቃጭ 250 ሚሊ ሊትር ከሆነና በሊትር ያለው ደረቅ ጠጣር 2.5 ግራም ከሆነ፣ 250ን ለ2.5 ስታካፍዪ 100 ይመጣል፤ ይህ ጤነኛ ነው። ቁጥሩ ከ150 እያለፈ ከሄደ ዝቃጩ እየሳሳ መርጋት አቅቶታል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የኦክስጅን ማነስ ወይም የምግብ አለመመጣጠን ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያጥረዋል፤ መመጣጠኑ ለ100 ቢኦዲ (ባክቴሪያው ቆሻሻውን ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን) 5 ናይትሮጅንና 1 ፎስፈረስ ነው። ስለዚህ ዩሪያና ዳፕ ይጨመርለታል።

ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው በናሙና አወሳሰድ ነው። የማቅለሚያ ገንዳ የሚደፋው በሌሊት ከሆነ የጠዋት 3 ሰዓት ናሙና ምንም አይነግርሽም። በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እየቀዳሽ የ24 ሰዓቱን አንድ ላይ ቀላቅዪ፤ እስኪመረመር በ4 ዲግሪ አቆዪው። ለቢኦዲ ጠርሙሱ አረፋ ሳይቀርበት ሞልቶ፣ በ20 ዲግሪ፣ በጨለማ፣ 5 ቀን ይቀመጣል። መሐል ላይ መብራት ሄዶ ጠርሙሱ ያለበት ሙቀት ጠባቂ ሳጥን (ኢንኩቤተር) ከሞቀ ውጤቱ አያስተማምንም፤ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። ሲኦዲ (ቆሻሻውን በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን) ሲለካ ናሙናው በ150 ዲግሪ 2 ሰዓት ይበስላል። ከማቅለሚያው የሚመጣ ጨው ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳስታል፤ የሜርኩሪ ሰልፌት የሚጨመረው ለዚህ ነው። ከምርመራው የሚተርፈው ፈሳሽ ሜርኩሪና ክሮሚየም ስለያዘ መታጠቢያ ላይ ፈጽሞ አይደፋም፣ ለብቻው ይጠራቀማል።

ከሁሉ በላይ ልብ በዪ፦ መጠን በሊትር ብቻ ሲነገርሽ ፍሰቱንም ጠይቂ። በሊትር 300 ሚሊግራም የሆነ ሲኦዲ በቀን 800 ሜትር ኩብ ቢፈስ 240 ኪሎ ነው። ሌላ 800 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ ቢጨመርበት መጠኑ ወደ 150 ይወርዳል፣ ወረቀቱ ያምራል፤ ወንዙ የሚቀበለው ግን ያው 240 ኪሎ ነው። በዚያ ላይ ለማቅጠኛ የዋለው ውሃ ከጉድጓድ የተሳበ ከሆነ ጎረቤት ከሚጠጣው የተወሰደ ነው።

ጨውን ደግሞ ባክቴሪያ አይበላውም። ቢኦዲው ጥሩ ሆኖ የሚወጣ ውሃ ጨዋማ ሊሆን ይችላል። ጨው ሲበዛ ከፍ የሚለውን የውሃውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በየቀኑ ለኪ፤ ለመስኖ ከ0.7 ዴሲሲመንስ በሜትር በታች ችግር የለበትም፣ ከ3 በላይ ከባድ ነው። ሽንኩርት በተለይ ጨው አይችልም፤ ታች ያለው ገበሬ ምርቱ ቀንሶ ምክንያቱን ሳያውቅ ማዳበሪያ ሊጨምር ይችላል።

አንድ ቀን «ቁጥሩን አስተካክዪው» መባልሽ አይቀርም፤ ከአሁኑ ተዘጋጂ። ያነበብሽውን በእስክሪብቶ ጻፊ፤ ስትሳሳቺ የተሳሳተው እንዲነበብ በላዩ አንድ መስመር ብቻ አስምረሽ ፈርሚ፣ ቀን አስፍሪ። ቁጥሩ ሲያልፍ ለኃላፊሽ ከምክንያቱና ከመፍትሔው ጋር በጽሑፍ አቅርቢ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ንና የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001ን ከነጋሪት ጋዜጣ አውርደሽ አንብቢ። አጫጭር ናቸው፤ በቃለ መጠይቅም ይረዱሻል። የውሸት ቁጥር ፈርመሽ የምታገኚው ልምድ ግን ልምድ አይባልም። ግፊቱ ከቀጠለ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ከመፈረምሽ በፊት የሌሊት ፈረቃ ሰርቪስ መኖሩን አረጋግጪ፤ ከደሴ መመላለስ አይሆንም፣ የኮምቦልቻ የቤት ኪራይ ከደመወዙ ላይ ይታሰብ። ጓንት፣ መነጽርና የጋዝ መለኪያ መኖሩን በዓይንሽ እዪ። የተዘጋ ጉድጓድ ወይም ገንዳ ውስጥ ብቻሽን አትውረጂ። አየር ያጣ ፍሳሽ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም።

የፋብሪካው መረጃ የፋብሪካው ነው፤ ያለ ፈቃድ አታውጪ። የምታውቂውን ማሳየት ከፈለግሽ በእረፍት ቀንሽ ቦርከናን ከከተማ በላይ፣ ከተማ ውስጥና ከከተማ በታች በየ15 ቀኑ በሚያዝ ፒኤችና የጨው መለኪያ እየለካሽ በኤክሴል መዝግቢ። ክረምትና በጋን የያዘ የአንድ ዓመት መዝገብ ከብዙ ሰርተፊኬት ይሻላል።

ለአባትሽ በአክብሮት የሚነገረው ይህ ነው፦ ማጣሪያ ክፍል ገብቶ ገንዳውንም ሒሳቡንም የሚያውቅ ሰው በኋላ የአካባቢ ኦዲት ይሠራል፣ ፋብሪካ ያማክራል፣ በመንግሥት ቢሮ ይቆጣጠራል። ማስተርሱን ከ2 ዓመት በኋላ በኤክስቴንሽን ጀምሪው። በዚያን ጊዜ ገንዳው ከሳበሽ የፍሳሽ ምሕንድስና፣ የብሎወሩ ሒሳብ ከሳበሽ የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ትመርጫለሽ፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስም ከሥራሽ ውስጥ ይወጣል።