ነጩ ላባ ከተቃጠለ ሮውም አያድነውም

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልመሰለኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እንዳልሽው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በ24 ሜጋፒክስል ካሜራና በ70-300 ሌንስ ወፎችን ታነሺያለሽ። እስካሁን በጄፔግ ነበር፤ ጓደኛሽ «ሮው ካልሆነ ልፋትሽ ከንቱ ነው» ስላለሽ ወደ ሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያስተካክል ወደሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ቀየርሽ። አሁን ፎቶዎቹ ደብዘዝ ብለው ይታዩሻል፣ ሚሞሪው ቶሎ ይሞላል፣ ላፕቶፕሽም አልችል ብሏል። «ወደ ጄፔግ ልመለስ ወይ?» ነው ጥያቄሽ።

አትመለሺ። ጓደኛሽ ልክ ነው፤ ዋናውን ነገር ግን ሳይነግርሽ ቀርቷል። ሮው የሚያድነው ጥላውን ነው፣ የተቃጠለ፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ላባው የጠፋ ነጭ አያድንም። የሐዋሳ ወፍ ደግሞ አብዛኛው ነጭና ጥቁር አንድ ላይ የለበሰ ነው። የዓሣ ንስሩን ተመልከቺው፦ ራሱ፣ ደረቱና ጅራቱ ነጭ፣ ክንፉ ጥቁር ነው። አባ ኮዳም ጀርባው ጥቁር ሆዱ ነጭ ነው። ውኃው ላይ እያንዣበበ ቁልቁል የሚወረወረው ነጭና ጥቁሩ ኪንግፊሸርም እንደዚያው። እነዚህን በጄፔግ ማንሳት ይቻላል፣ ግን ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን እንደ መተው ነው።

እኔ የምተዳደረው በሠርግና በምርቃት ፎቶ ነው። ወፍ የማነሳው ሥራ በሌለኝ ጠዋት፣ አብዛኛውን ጊዜ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው አካባቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የዓሣ ንስር ከፊቴ ወርዶ ቆሮሶ ይዞ ተነሳ። ፎከሱ ዓይኑ ላይ ነው፣ ጥፍሩ ዓሣው ላይ ተተክሏል፣ የውኃው ነጠብጣብ እንኳ ይቆጠራል። ቤት ገብቼ ስከፍተው ግን ራሱና ደረቱ ላይ አንድ የላባ መስመር የለም፣ ባዶ ወረቀት የተለጠፈ ይመስላል። ጄፔግ ነበር። ላጨልመው ብሞክር ነጩ ግራጫ ሆነ እንጂ ላባው አልመጣም። ያኔ ተበሳጭቼ ወደ ሮው ዞርኩ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ የሚስተካከል መሰለኝ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፔሊካኖችን ሁለት ስቶፕ ያህል (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) አብርቼ አነሳሁ። ሮው ነው፣ 14 ቢት ነው፣ ባዶው ነጭ ግን ያው ባዶ ነጭ። የዚያ ቀን ሐዘን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፣ ምክንያቱም ፔሊካኖቹ በሰልፍ ሆነው ክንፋቸውን እኩል የዘረጉበት ቅጽበት ነበር።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ልንገርሽ። ጄፔግ ካሜራው ራሱ ቆልቶ የሚሰጥሽ ቡና ነው፤ ሮው ጥሬው ነው፣ የምትቆዪው አንቺ ነሽ። ጥሬው ራሱ ነቀዝ የበላው ከሆነ ግን ምን ዓይነት ቡና ቆይ ያድነዋል? እያንዳንዷ የሴንሰር ነጥብ የምትይዘው ብርሃን ወሰን አለው፤ ከወሰኑ ያለፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ ይመዘገባል። ከወሰኑ በታች ያለው ግን በሮው ውስጥ በብዙ ደረጃ ተቀምጧል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ 12 ቢት ሮው 4,096፣ 14 ቢት ደግሞ 16,384 አለው። ስለዚህ የአባ ኮዳን ጥቁር ጀርባ በኋላ ብታበሪው ላባው ይወጣል። ጄፔግ ላይ ያንኑ ብታደርጊ ጥቁሩ ተሰባብሮ ጭቃ ይመስላል።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ ነጩን መጠበቅ ነው፤ የሚጠበቀውም ሐይቁ ዳር እንጂ ቤት አይደለም። እኔ በማኑዋል፣ ቁጥሮቹን ራሴ እየወሰንኩ ነው የማነሳው። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ፊትሽን ወደ ውኃው ስታዞሪ ፀሐይ ከኋላሽ ናት፣ ብርሃኑም ወፉ ላይ በቀጥታ ያርፋል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፣ ተጠቀሚበት። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ እየከረረ ይሄዳል። ማታ ደግሞ ፀሐይዋ በሐይቁ በኩል ስለምትጠልቅ ወፉ ጥላ ብቻ ይሆናል። ያም ያምራል፣ ግን ሌላ ዓይነት ፎቶ ነው።

በዚያ የጠዋት ብርሃን መጀመሪያ ቅርብ ያለ ነጭ ነገር እፈልጋለሁ፦ ኢግሬት የሚባለውን ነጭ ወፍ ወይም የቆመ አባ ኮዳ ሆድ። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ፣ 300 ላይ ኤፍ 5.6 ማለት ነው። ለሚበር ወፍ ሻተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/2000 ሰከንድ አደርጋለሁ፤ ለቆመ አባ ኮዳ 1/500 ይበቃል። ከዚያ አይኤስኦውን (ምስሉን የሚያበራውን ቁጥር) ከፍ እያደረግሁ እሄዳለሁ፣ ነጩ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ማስጠንቀቂያ እስኪጀምር ድረስ። ሲጀምር አንድ ሁለት ደረጃ እመልስና እዚያው እተወዋለሁ። ከዚያ በኋላ ወፉ ከጥቁር ውኃ ተነስቶ ሰማይ ላይ ቢወጣም ቁጥሩን አልነካም፣ ወፉ ላይ ያረፈው ብርሃን አልተለወጠምና። አውቶ አይኤስኦ ላይ ከተውሽው ግን ካሜራው ከወፉ ኋላ ያለውን አይቶ ይወስናል፦ ጥቁር ውኃ ላይ ነጩን ያቃጥላል፣ ነጭ ሰማይ ላይ ወፉን ያጠቁራል። ደመና መጣ ሄደ በሚልበት ቀን ይህ አሠራር ያስቸግራል፤ ያኔ በየደቂቃው ማየት ግድ ነው።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ካሜራሽ ጀርባ ላይ የምታይው ምስልም ሆነ ሂስቶግራም (የጥቁርና የነጩን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ከሮው የተሠራ አይደለም፣ በውስጡ ካለችው ትንሽ ጄፔግ የተሠራ ነው። ስለዚህ የካሜራሽ የቀለም ስታይል «ቪቪድ» ላይ ከሆነ ሳይቃጠል ተቃጠለ ይልሻል። «ኒውትራል» ላይ አድርጊው፤ ሮውን አይነካውም፣ ሂስቶግራሙ ግን ወደ እውነቱ ይቀርባል። ሂስቶግራሙንም ሦስቱን ቀለም ለየብቻ በሚያሳየው ተመልከቺ። ባለፈው የለጠፍሻት ሰማያዊ ኪንግፊሸር ምንቃሯ እንደ ተቀባ ፕላስቲክ የሆነው ቀዩ ቻናል (የቀይ ቀለሙ መረጃ) ብቻ ስለሞላ ይመስለኛል። አጠቃላዩ ሂስቶግራም ደህና እያለ አንዱ ቀለም ብቻውን ሊያልቅ ይችላል።

ደብዝዞ መታየቱ ደግሞ ጉድለት አይደለም። ካሜራው ለጄፔግ የሚጨምረው ኮንትራስት፣ ቀለምና ሹልነት ሮው ላይ አልተጨመረም፤ የምትጨምሪው አንቺ ነሽ። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙን ላይትሩምን ከሆነ የምትጠቀሚው ፕሮፋይል የሚለው ቦታ ላይ የካሜራሽን ስታይሎች ታገኛለሽ። አንዱን ስትመርጪ ድብዝዙ ወዲያው ይቀንሳል፤ ከዚያ ጀምረሽ ሥሪ።

ስለ ቦታ። በ24 ሜጋፒክስል አንድ የተጨመቀ ሮው ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ወደ 2,000 ፎቶ ይይዝልሻል። ለአንድ ጠዋት ይህ አይበቃም ብዬ አላምንም። የሚሞላው ጣት ከመዝጊያው ላይ ስለማይነሳ ነው። ሌላም ችግር ያመጣል፦ ሮው ከባድ ስለሆነ የካሜራው ቡፈር (ፎቶው ሚሞሪው ላይ እስኪጻፍ የሚቆይበት ጊዜያዊ ቦታ) ይሞላና ወፉ ዓሣውን ይዞ በሚወጣባት ሰከንድ ካሜራው ይቆማል። ነጭና ጥቁሩን ኪንግፊሸር ሲያንዣብብ ሁለት ሦስት ብቻ አንሺ፣ ከዚያ ጠብቂ፤ ክንፉን ሲሰበስብ ያኔ ተጫኚ። ካሜራሽ ጥራት ሳይቀንስ የሚጨምቅ ምርጫ ካለው እሱን አድርጊ፣ ያልተጨመቀው ቦታ ከመብላት በቀር ለወፍ ፎቶ የሚጨምረው የለም።

ወደ ላፕቶፕ ስታወርጂ «ኮፒ» እንጂ «ካት» አታድርጊ፣ በፍጹም። ዴስክቶፕ ላይ እየሠራሁ ካት አድርጌ ሳለሁ መብራት ሄዶብኝ ግማሹ ፋይል እዚያም እዚህም የለም ነበር። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይገባ ሚሞሪውን ፎርማት አላደርግም።

ኤዲት ከመጀመርሽ በፊት መርጠሽ ጣዪ። መቶ በመቶ አጉልተሽ ዓይኑን ብቻ እዪ፤ ዓይኑ ካልጠራ ሌላው ቢያምርም ይሂድ። ፎከስ የሳተውንና የተንቀጠቀጠውን ሮው አያስተካክልም። ከ600 ፎቶ እኔ የማስቀረው ብዙ ጊዜ ከ20 አይበልጥም፣ ላፕቶፕሽም የሚያርፈው በዚህ ነው።

ዋይት ባላንስን (የነጩን ቀለም ሚዛን) በሮው ላይ እንደፈለግሽ መለወጥ ትችያለሽ፣ ግን ነጩን ላባ ፍጹም ነጭ ለማድረግ አትድከሚ። የማለዳ ፀሐይ ያረፈበት የአባ ኮዳ ሆድ ወርቃማ ነው፣ ያንን ወርቅ ካጠፋሽው ጠዋቱን አጠፋሽው። ቀጥሎ ሃይላይቱን (ብሩሁን ክፍል) ዝቅ፣ ሻዶውን (ጥላውን) በመጠኑ ከፍ። በመጠኑ ያልኩት ከልቤ ነው፣ ምክንያቱም ጥቁሩ ክንፍ ግራጫ እስኪሆን የተነሳበት ፎቶ በየቀኑ እናያለን። ጥቁር ወፍ ጥቁር ይሁን፤ ላባው ይታይ እንጂ ቀለሙ አይለወጥ። ሳቹሬሽንም (የቀለሙ ድምቀት) እንዲሁ። ወፉን በቀለሙ ለመለየት ፎቶሽን የሚያይ ሰው አለ፣ እሱን ማሳሳት የለብንም።

ኖይዝ (ምስሉ ላይ የሚታየው ሻካራ ነጠብጣብ) ከሹልነት በፊት ይጸዳል፤ ኖይዝ ላይ ሹልነት ከጨመርሽ ያጎላሽው ኖይዙን ነው። ሹልነቱንም በማስክ (የምትሠሪበትን ቦታ በሚለየው መሣሪያ) ወፉ ላይ ብቻ አድርጊ፣ ውኃው ለስላሳ እንደሆነ ይቅር። ላይትሩም በ2023 ያመጣው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የኖይዝ ማጽጃ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ላፕቶፕ ከባድ ነው። አንቺ ለምርጦቹ ለሦስት ለአራቱ ብቻ ተጠቀሚበት። ፎቶውን ስትቆርጪም አስቢ፦ በወርድም በቁመትም ግማሽ ስትቆርጪ ከ24 ሜጋፒክስል 6 ነው የሚተርፍሽ። አሞራ ገደል ላይ ግን መቁረጥ ብዙም አያስፈልግሽም፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ ስለለመዱ ጥቂት ሜትር ድረስ ይቀርቡሻል፤ 300 አንዳንዴ ይበዛል።

ላፕቶፕሽ ላይትሩምን የማይችል ከሆነ «ስማርት ፕሪቪው» ሠርተሽ በዚያ ኤዲት አድርጊ፣ ትንሽ ፋይል ስለሆነ ይፈጥናል። መግዛት ካልቻልሽ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ነፃ ናቸው። ዳርክቴብል መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፣ ለሁለት ሳምንት ታገሺው። ሮውና ጄፔግን አንድ ላይ ማንሳት ለመጀመሪያው ወር ለማነጻጸር ይጠቅምሻል፤ ከዚያ በኋላ ቦታ ማባከን ነው።

የዚያችን ሰማያዊ ኪንግፊሸር ሮው ፋይል ካልሰረዝሽው ላኪልኝ። ቴሌግራም ፎቶን አሳንሶ ስለሚልክ «እንደ ፋይል» ብለሽ ላኪው። ቀዩ ቻናል ሮው ውስጥ ተርፎ ከሆነ የምንቃሯን መስመር ማውጣት እንችላለን፤ ካልተረፈም ምን ያህል ስቶፕ እንዳለፍሽ አይቼ እነግርሻለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ ዝቅ አድርገሽ ትጀምሪያለሽ።