ሚግ ብየዳው (በሽቦና በመከለያ ጋዝ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ብየዳ) ግቢ ሲወጣ ቀዳዳ ለሚያበዛበት ጠያቂ

ቤት ውስጥ ንጹሕ የሚወጣልዎት ብየዳ ግቢ ላይ የበር ቱቦላሬ ሲበይዱ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ የሚያበዛው፣ ደሴ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ የቀለጠውን ብረት የሚከልለውን ጋዝ ስለሚገፋው ነው።

በመጀመሪያ ነፋሱን በላሜራ ይጋርዱት። ቀጥሎም በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ሲሠሩ የጋዙን ፍሰት በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ያድርጉ፤ የቶርቹን (ሽቦውና ጋዙ የሚወጡበትን የእጅ መበየጃ) አፍ ከብረቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ያርቁ፤ ከቀጥታ አቋሙም ከ15 ዲግሪ በላይ አያዘንብሉት። ርቀቱን ይጠብቁ፤ ምክንያቱም ጀማሪ እጅ ሳያውቀው ወደ ኋላ ሲሸሽ ጋዙ ይበተናል፣ የብየዳው ኃይልም ይቀንሳል። ዝገትና ቀለም ካለ አስቀድመው ይፈግፍጉ።

ጋዙን አብዝቶ መክፈት መፍትሔ እንዳይመስልዎት አደራ። እኔ ኮምቦልቻ ሥራውን ስጀምር ከ25 ሊትር በላይ ከፍቼው፣ ጋዙ እየተናወጠ አየር ስለሳበ ቀዳዳው ብሶ አንድ ሙሉ የመስኮት ፍሬም ፈጭቼ እንደገና በይጃለሁ።