የአንባቢያን ጥያቄ፦ 280 ሺህ ብር ይዘን የመጀመሪያ ጀልባችንን እንዴት እንግዛ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኛ ባህር ዳር ያለን ሶስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን በሰው ጀልባ ተቀጥረን መረብ ስንጥል ስንሰበስብ አራት አመት ሆኖናል፣ ሶስተኛው አሳ ለሆቴል ያቀርባል። እቁብ ጥለን፣ የአንዳችን እህት ደግሞ ከቤይሩት የላከችውን ጨምረን 280 ሺህ ብር ደርሰናል። አሁን አንድ ደላላ ፋይበር ጀልባ ከነ15 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ሞተሩ በ270 ሺህ አገኘሁላችሁ ብሎናል። ጀልባው አዲስ ቀለም ተቀብቷል በጣም ያምራል፣ ሞተሩም ዳር ላይ ሲነሳ አይተናል። ሰውየው ግን እስከ አርብ ቀብድ ካልሰጣችሁ ለሌላ እሸጠዋለሁ እያለ ነው። ስለ ሞተር ብዙም አናውቅም። እንግዛው ወይስ እንተወው?
(ከባህር ዳር)

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ደብዳቤያችሁን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም እኔም የመጀመሪያ ጀልባዬን ልክ እንዲህ ነው የገዛሁት፤ ቀለሙ አዲስ፣ ሞተሩ ዳር ላይ በአንድ ሳብታ የሚነሳ፣ ሻጩም የቸኮለ። በሶስተኛው ቀን ከደቅ ደሴት ስንመለስ ሞተሩ ግሎ ቀጥ አለ፣ ከሰአት ስለነበር ነፋሱ ተነስቷል፣ አንድ መቅዘፊያ ብቻ ነው የያዝነው፣ ላይፍ ጃኬት የሚባል ነገር አልነበረንም፣ ሌሎች አጥማጆች አይተውን ገመድ ጥለው ባይጎትቱን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ስለዚህ አርብ የሚለውን ነገር እርሱት። ቀብድ ቀልድ አይደለም፣ በፍትሐ ብሄር ህጋችን ቀብድ ሰጥታችሁ ሃሳባችሁን ብትቀይሩ ብሩ ቀልጦ ይቀራል፣ ሻጩ ከቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል፣ ግን ከሰውየው ላይ እጥፉን ለማስመለስ ስንት ቀን ፍርድ ቤት እንደምትመላለሱ አስቡት። ሳታዩ ቀብድ የለም፣ በቃ። ከማየት በፊት ገንዘብ የሚጠይቅ ሻጭ ምን እንዳታዩ እንደፈለገ ማሰብ አለባችሁ።

ሁለተኛው የደነገጥኩበት ነገር 270ው ነው። ከ280 ላይ 270 ካወጣችሁ በ10 ሺህ ብር መረብ ትገዛላችሁ? ቤንዚን? ዘይት? ላይፍ ጃኬት? በመጀመሪያው ወር አንድ ነገር ይበላሻል፣ ያገለገለ ሞተር ነው፣ የግድ ይበላሻል፣ ያኔ ጀልባችሁ ዳር ታስሮ እናንተ ተመልሳችሁ የሰው ተቀጣሪ ትሆናላችሁ። እኔ የምመክራችሁ ካላችሁ ላይ ሲሶውን እንዳትነኩት ነው። ማለትም ለጀልባና ለሞተር ከ190 ሺህ በላይ አታውጡ፣ ቀሪው 90 ሺህ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት ነው። በ190 ደግሞ 15 ፈረስ ጉልበት ያለው ደህና ነገር ካልተገኘ ጤነኛ ጀልባ ከትንሽ ሞተር ጋር፣ 8 ወይም 9.9 ቢሆንም፣ ግዙ። እሱም ካልሆነ ጀልባውን ብቻ ገዝታችሁ ሞተሩን ለጥቂት ወራት ተከራዩ። ሞተር ነገ ይቀየራል፣ የበሰበሰ ጀልባ ግን ገንዘብ እየበላ ነው የሚኖረው።

አውቃለሁ፣ 15ቱ ፈጣን ነው፣ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚፈልገው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጣና ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 ፐርሰንት አካባቢ ያጣል። ስለዚህ 15 ተብሎ የተጻፈው ሞተር እኛ ጋር ሲመጣ 12 ቢሆን ነው። ቤንዚኑን ግን አይቀንስላችሁም፣ ባለሁለት ምት፣ ማለትም ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆ የሚሰጠው፣ 15 ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት አንድ ሰአት ሲሄድ 6 ሊትር፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይጠጣል። ቤንዚን ፍለጋ ወረፋ ላይ የምታድሩበት ጊዜ እንዳለ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። መረባችሁ ሩቅ ካልተጣለ ትንሹ ሞተር ነው የሚያዋጣችሁ።

አሁን ወደዚህ ሞተር እንምጣ። ዳር ላይ ሲነሳ አየን ብላችኋል፣ እሱ ምንም አይነግራችሁም። ሳትነግሩት በጠዋት ሂዱ፣ መጀመሪያ የሞተሩን ክዳን አስከፍታችሁ በእጃችሁ ንኩት፣ ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፣ በሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር ከሶስት አራት ሳብታ በኋላ መነሳት አለበት። ሲነሳ ከጎኑ በቀጭኑ የምትወጣውን ውሃ እዩ፣ እሷ ውሃ ሞተሩ እየቀዘቀዘ መሆኑን የምትነግራችሁ ናት፣ ጠንካራና ያልተቆራረጠች መሆን አለባት። ደከም ካለች የፓምፑ ጎማ አልቋል ወይም መንገዱ ተደፍኗል። ጎማውን መቀየር ከባድ አይደለም፣ ግን ሞተሩ እንደዚያ ሆኖ ስንት ጊዜ ግሏል የሚለው ነው የሚያስፈራው፣ የኔም ሞተር የሞተው በዚህ ነው። በተለይ ጀልባው ከጎርጎራ ወይም ከደምቢያና ከፎገራ ዳርቻ የመጣ ከሆነ በደንብ እዩት፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የወረረው በዚያ በኩል ነው፣ እምቦጭ ውስጥ የሄደ ሞተር ስሩና ቅጠሉ የውሃ መሳቢያውን ይዘጋበታል። የሞተሩ ጭንቅላት ላይ ቀለሙ ተቃጥሎ ከቡናማ ወደ ጥቁር ከሄደ ግሎ ያውቃል።

ከዛ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለግማሽ ቀን የምትከፍሉት ብር የምትቆጩበት አይደለም፣ ደላላው ያመጣው መካኒክ ግን አይሁን፣ የራሳችሁ ይሁን። ካንዴላዎቹን አስፈትታችሁ እዩ፣ ሁለቱም ቀለማቸው ተመሳሳይ መሆን አለበት። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ ይለካላችሁ፣ እኛ ጋር ከፍታ ስለሆነ ቁጥሩ የኩባንያው መጽሐፍ ላይ ካለው ዝቅ ይላል፣ እሱ አያስደንግጣችሁ፣ ዋናው በሁለቱ ሲሊንደር መሃል ያለው ልዩነት ነው፣ ከ10 ፐርሰንት ከበለጠ አንዱ ፒስተን ወይም ፋሻው ሄዷል። ከታች የካምቢዮውን ዘይት ትንሽ ያፍስስላችሁ፣ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ ጎሚኒዎቹ ብቻ ከሆኑ ቀላል ነው፣ ጥርሶቹ ዝገው ከሆነ ግን ሌላ ወጪ ነው። ሞተሩን ያሰረው ብረት ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር ተፍቆ ከሆነ ደግሞ ምንም ነገር ሳትጠይቁ ተነሱና ሂዱ፣ የተሰረቀ ሞተር በአንድ ሌላ አጥማጅ እንጀራ ላይ የመጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ውሃ የሚገባው። ሶስታችሁም ተሳፍራችሁ፣ ከተቻለ አሸዋ በጆንያ ጭናችሁ የመረብና የአሳ ያህል ክብደት ይኑረው፣ ግማሽ ሰአት ሙሉ ንዱት። የብዙ ሞተር በሽታ ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው የሚወጣው፣ ሲግል። ሙሉ ጋዝ ስጡት፣ ወደፊት ወደኋላ ካምቢዮ አስገቡ፣ አጥፉትና ትኩስ እንደሆነ መልሳችሁ አስነሱት። ትኩስ ሆኖ እምቢ የሚል ሞተር ሀይቁ መሃል ነው እምቢ የሚላችሁ። ሻጩ ግማሽ ሰአት ቤንዚን የለኝም ካለ ቤንዚኑን እናንተው ግዙ። ዘይቱንም ጠይቁት፣ አብዛኛው ባለሁለት ምት ያማሃ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ማለት ነው፣ ያውም የጀልባ ሞተር ዘይት እንጂ የሞተር ሳይክል ዘይት መሆን የለበትም። በግምት ነው የምጨምረው የሚል ሰው ሞተሩን እንዴት እንደያዘው ነግሯችኋል።

ጀልባውን በተመለከተ አዲሱ ቀለም ነው የሚያሳስበኝ። ፋይበር ጀልባ ሲሰነጠቅ ስቱኮ ሞልተው ቀለም ይቀቡታል፣ ለሁለት ወር ያምራል ከዛ ውሃ ያስገባል። ገልብጣችሁ በካቻቢቴ እጀታ ሆዱን ከጫፍ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንኳኩት፣ ጤነኛው ቦታ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ የታመመው ቦታ ደፈን ያለ ይሆናል፣ ስታደርጉት ይገባችኋል። እግራችሁን አሳርፋችሁ ወለሉን ርገጡት፣ እንደ ፍራሽ የሚሰጥም ቦታ ካለ ከስሩ ያለው እንጨት በስብሷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ እዩ። ሞተሩ ታስሮ እያለ ላይኛውን ጫፍ ይዛችሁ ወደፊት ወደኋላ ወዝውዙት፣ ሳንቃው አብሮ ከተወዛወዘ ወይም የቡሎኖቹ ስር ከተሰነጠቀ እሱን ጀልባ አትግዙ፣ 40 ኪሎ ሞተር ነው የሚሸከመው፣ አንድ ቀን ሞተሩን ይዞት ነው የሚሄደው። በመጨረሻ ሌሊቱን ውሃ ላይ ይደር፣ ጠዋት ውስጡ ስንት ጣሳ ውሃ እንዳለ ቁጠሩ። የላሜራ ጀልባ ካገኛችሁ ደግሞ የወለሉን ሳንቃ አንሱና ከስሩ እዩ፣ ውሃና የአሳ ደም የሚተኛበት ቦታ ነው ቀድሞ የሚበላው። ጣና ጨው የለውም፣ ብረት እንደ ባህሩ ቶሎ አይበላም፣ ስለዚህ ደህና የተያዘ አሮጌ የላሜራ ጀልባ አትናቁ።

ወረቀት ላይ አንድ ማንም የማይነግራችሁ ወጥመድ አለ። ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ የገባው በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድ የአሳ አጥማጆች ከተማ በመጣ የቤተክርስቲያን እርዳታ፣ ከዛም በኋላ ብዙ ጀልባ በማህበርና በፕሮጀክት ስም ነው የገባው። የማህበር ጀልባ የማህበሩ ነው፣ አንድ አባል ተነስቶ የኔ ነው ብሎ ቢሸጥላችሁ ነገ ሌሎቹ ይመጡባችኋል። ማህበሩ ለመሸጥ የወሰነበትን ቃለ ጉባኤ ከነማህተሙ ጠይቁ፣ የግል ከሆነ ደግሞ ከማን እንደገዛው የሚያሳይ ውል። እናንተም ውሉን በጽሁፍ፣ በምስክር፣ የሞተሩን ሴሪያል ቁጥር አስገብታችሁ ጻፉ። የአሳ ሀብት አዋጁ፣ 315/1995 የሚባለው፣ ለገበያ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፣ እስካሁን በሰው ጀልባ ስለነበራችሁ አልነካችሁም ይሆናል፣ አሁን ግን ባለቤት ስትሆኑ እናንተን ነው የሚጠይቀው።

ሂሳባችሁን ስትሰሩ ደግሞ አሳው እንደድሮው ነው ብላችሁ አትስሩ፣ ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት አስር አመታት ብቻ የጣና ነጭ አሳ በክብደት ሶስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ለክተው አይተዋል፣ ትልቁ ምክንያት ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ሲወጣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን ስለጠበቅነው ነው። ከሀምሌ እስከ ጥቅምት ወንዝ አፍ ላይ የምታገኙትን ገቢ ከሂሳባችሁ አውጡት፣ በቆሮሶ (ቲላፒያ) እና በአምባዛ የሚያዋጣችሁ ከሆነ ግዙ። ጀልባ የሚገዛበት ጊዜም አለው፣ ሁዳዴ ሲቃረብ የአሳ ገበያ ስለሚነሳ ጀልባም ይወደዳል፣ እኔ የማውቀው ከፋሲካ በኋላ ሻጭ እንደሚለሳለስ ነው። መጠበቅ ከቻላችሁ ጠብቁ።

ላይፍ ጃኬት ለሶስታችሁም፣ ከመረቡ በፊት። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ነው ብለው የሚንቁት አሉ፣ ለመስጠም ግን ሁለት ሜትር ይበቃል፣ ስንቱን ዋናተኛ ልጅ ቀብረናል።

ጥያቄ፦ እኔ ባቱ ላይ አሳ ነጋዴ ነኝ። ያለኝ ብር ለሞተር አይበቃም፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ገዝቼ ለልጆች ባከራይ ያዋጣኛል? ያየሁት ጀልባ ግን ውሃ ላይ ሲያስቀምጡት ከየስንጥቁ ውሃ ያስገባል።
(ከባቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ እናንተ ጋር ያለው የዝዋይ ሀይቅ በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው ጥልቀቱ፣ ሞተር ሲገባበት ጭቃውን እየሳበ ፓምፑን ይበላዋል፣ ስለዚህ በመቅዘፊያ መጀመርሽ ኪሳራ አይደለም፣ መረቡን ዳር አካባቢ ለሚጥሉ ልጆች ይበቃል። ውሃ ማስገባቱ ብቻውን አያስደንግጥሽ፣ ደርቆ የከረመ እንጨት መጀመሪያ ያስገባል፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ራሱ ስንጥቁን ይዘጋል። አንድ ሌሊት ውሃ ላይ ይደር፣ ጠዋት ቀድተሽ አውጪውና እስከ ማታ ጠብቂ፣ ማታም ያው ያህል ከገባ ተይው። በቢላ ጫፍ ደግሞ ከውሃው በታች ያለውን እንጨት በተለይ ምስማሮቹ አካባቢ ወጋ ወጋ አድርጊ፣ እንደ ዳቦ ከገባልሽ በስብሷል። ኪራዩን በቀን ብር ከምትቆርጪ በአሳ ድርሻ ብታደርጊው ይሻልሻል፣ አንቺ ነጋዴ ነሽ አሳው ራሱ እቃሽ ነው፣ ልጆቹም ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ቀን እዳ አይገቡም፣ እዳ የገባ ልጅ ነው ከሰአት በኋላ ነፋስ ተነስቶ እያለ ካልሄድኩ የሚለው። መቅዘፊያ ሁለት ሳይሆን ሶስት ግዢ፣ አንዱ ሁሌም ይሰበራል፣ ውሃ መቅጃ ጣሳውንም በገመድ ከጀልባው ጋር እሰሪው።