ባሕር እንደምፈራ ባለቤቴ አያውቅም

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። ከተጋባን 11 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለፈው ጥር ልጆቹን እህቴ ጋ ትተን ታይላንድ፣ ፉኬት ሄድን። በፋንግ ንጋ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ በትንሽ ካታማራን (ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቀፎዎች ያሉት ጀልባ) ሁለት ሌሊት የሚታደርበት ሽርሽር ነበር። የመጀመሪያው ቀን ደስ ይል ነበር። በሁለተኛው ቀን የሁለት ሰው ካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ) ላይ ወጣን፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። «ግራ! ግራ አልኩሽ እኮ!» እያለ ይጮሃል፤ በግራ በቀዘፍኩ ቁጥር ጀልባዋ ወደ ድንጋዩ ትሄዳለች። ሊያስቀኝ ብሎ ሲወዘውዛት ጮኬ አለቀስኩ። አብረውን የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩን። «ከልጅ ጋር የመጣሁ ነው የመሰለኝ» አለኝ። እስክንመለስ አላናገርኩትም። አሁን ለኅዳር ያንኑ ጉዞ ሊደግመው ቀብድ ከፍሏል። እሱ የማያውቀው ነገር አለ፤ በ9 ዓመቴ ወንዝ ወስዶኝ ሰው ነው ያወጣኝ። ዋና አልችልም። አልሄድም ልበለው ወይስ ችዬ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ እምቢ ብትዪው ምክንያቱን አያውቅም፤ ችለሽ ብትሄጂ ደግሞ ፍርሃትሽ አብሮሽ ይሳፈራል። ከሁለቱም የሚቀድም ነገር አለ፤ ባለቤትሽ ስለ ወንዙ ማወቅ አለበት። 11 ዓመት አብሮሽ ኖሮ ይህን አለማወቁ ፍቅራችሁ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ውሃ ሊውጣቸው ደርሶ የተረፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ታሪኩን አያወሩትም። «ደክሞኛል»፣ «ፀሐዩ አይስማማኝም»፣ «ፀጉሬን ተሠርቻለሁ» እያሉ ከውሃ ዳር ይርቃሉ፤ ሰበቡ ስለሚሠራ ማንም አይጠይቃቸውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ባለቤትሽ በዚያች ካያክ ላይ ያየው በቀልዱ የተቆጣች ሚስቱን ነው። አንቺ የነበርሽው ወንዙ ውስጥ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ጠቡ ከየት እንደተነሳ እንይ፤ ግማሹ የቀዘፋ ችግር ነውና። ካያክ በግራ ሲቀዘፍ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ በቀኝ ሲቀዘፍ ወደ ግራ። ባለቤትሽ «ግራ» ሲል ሳይሆን አይቀርም «ወደ ግራ እንዙር» ማለቱ ነበር። አንቺ «በግራ ቅዘፊ» ያለሽ መሰለሽ፣ ጀልባዋም ወደ ቀኝ፣ ወደ ድንጋዩ ሄደች። እሱ እልኸኛ ሆንሽበት፤ አንቺ የታዘዝሽውን እያደረግሽ ተጮኸብሽ። አቀማመጡም ለጠብ የተመቸ ነው። ከፊት ያለው ሰው ከኋላው ያለውን ፊት አያይም፤ የሚደርሰው ድምፅ ብቻ ስለሆነ እየሳቀ ይሁን ተቆጥቶ አይለይም። ከኋላ ያለው ደግሞ ነፋሱንና የውሃውን ድምፅ ለማሸነፍ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ለፈራ ሰው ከጀርባ የሚመጣ ከፍ ያለ ድምፅ ሁሉ ቁጣ ነው። እሱም ቢሆን የሚያየው ጀርባሽን ብቻ ነበር፤ ፊትሽ ሲገረጣ አላየም።

ጀልባዋን ማወዛወዙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ወንዙ ባያውቅም እንኳ ዋና ከማይችል ሰው ጋር የሚደረግ ቀልድ አይደለም። «ከልጅ ጋር የመጣሁ ነው የመሰለኝ» ያለው በሰው ፊት አፍሮ ሊሆን ይችላል፤ ማፈሩ ግን ቃሉን ትክክል አያደርገውም። ሁለቱንም በስማቸው ልትጠሪለት ይገባል። በአንቺም በኩል አንድ ነገር ልንገርሽ። በትንሽ ጀልባ ላይ እስከ መጨረሻው ዝም መባል ለእሱም ከባድ ቅጣት ነበር፤ ምክንያቱን ሳያውቅ የተቀጣ ሰው ጥፋቱን ከመመርመር ይልቅ መበደሉን ያሰላስላል። ያንኑ ጉዞ መድገሙ ምናልባት የተበላሸውን ሊጠግንበት ይሆናል፤ ይህንንም ጠይቂው።

ንግግሩን እንዲህ አዘጋጂው። ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ስልክ ርቆ፣ ሁለታችሁም በልታችሁ፣ ከግማሽ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ። አልጋ ላይም መኪና ውስጥም አይሁን፤ አልጋ የእረፍት ቦታ ሆኖ ይቆይ፣ መኪና ውስጥ ደግሞ አሁንም ፊት ለፊት አትተያዩም። ከእሱ ጥፋት አትጀምሪ። «የዚያን ቀን የጮህኩት በአንተ ተናድጄ ብቻ አልነበረም። ልጅ ሆኜ ወንዝ ወስዶኝ ነበር፤ ጀልባዋ ስትወዛወዝ የመጣብኝ እሱ ነው። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ስለማፍር ነው።» ከዚያ ዝም በይ። መልስ ከመስጠቱ በፊት የሰማውን በራሱ ቃል እንዲደግምልሽ ጠይቂው፤ ብዙ ባሎች እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ወዲያው መፍትሔ መደርደር ይጀምራሉ፣ የሰሙትን መድገም ግን ያዘገያቸዋል። ቀጥለሽ የምትፈልጊውን በግልጽ በይው፤ «ጀልባ ላይ ከእኔ ጋር ስትሆን አታወዛውዛት፤ በሰው ፊትም እንደ ልጅ አትናገረኝ።» ከዚያ ተራው የእሱ ነው፤ ሳታቋርጪ ስሚው።

ንግግሩ ቢግልና ልብሽ መምታት ቢጀምር አቁሙት። የጋብቻ ተመራማሪው ጆን ጎትማን እንደሚሉት የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚነገረውን በደንብ መስማት ያቅተዋል፤ ሰውነት እስኪረጋጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልጋል። በዚያ 20 ደቂቃ ውስጥ የመልስ ክርክር ማዘጋጀት እረፍት አይደለም፤ ሻይ አፍዪ፣ ዕቃ እጠቢ፣ ከዚያ ተመለሽ።

ፍርሃቱ በመናገር ብቻ አይለቅም፤ ሰውነትሽ አዲስ ነገር መማር አለበት። ይህን በባሕር ላይ ሳይሆን በገንዳ ጀምሪው። ዱባይ ውስጥ ለሴቶች ብቻ ሰዓት የሚሰጡ ገንዳዎችና ለአዋቂ ጀማሪ የሚያስተምሩ ሴት አሠልጣኞች አሉ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መጀመሪያ እስከ ወገብ፣ ቀጥሎ እስከ ደረት፣ ከዚያ ፊትን ነክሮ አየር በአፍንጫ ማስወጣት፣ ከዚያ በጀርባ ተንጋሎ መንሳፈፍ። በየደረጃው ፍርሃትሽን ከ0 እስከ 10 ስጪው። 6 ወይም 7 ላይ ሳለሽ አትውጪ፤ በዚያው ጥልቀት ቆመሽ ወደ 3 እስኪወርድ ጠብቂ። ፍርሃት ጫፍ ላይ ሲደርስ ሮጦ የሚወጣ ሰው አእምሮው «ያዳነኝ መውጣቴ ነው» ብሎ ይመዘግባል፣ በሚቀጥለው ቀንም ፍርሃቱ በርትቶ ይጠብቀዋል። መንሳፈፍ ሲሳካልሽ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰሽ ከገንዳው ጠርዝ ሆን ብለሽ ውደቂ፣ ደጋግመሽ። ጃኬቱ እንደሚያነሳሽ ሰውነትሽ የሚያምነው ሲያየው ብቻ ነው። ባለቤትሽ በመጨረሻዎቹ ቀናት አብሮሽ ይምጣ፣ ግን አሠልጣኝ አይሁን። የወንዙ ሕልም እንቅልፍ የሚነሳሽ ወይም ገና ውሃ ሳይነካሽ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ ለብቻሽ አትግፊው፤ የስሜት ቁስልን በማከም የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጉዞው። ኅዳር ጥሩ ወር ነው፤ በአንዳማን ባሕር በኩል ዝናቡ የሚያባራበትና ባሕሩ የሚረጋበት ወቅት እስከ ሚያዝያ ድረስ ይዘልቃል። የፋንግ ንጋ ወሽመጥ በደሴቶች የተከለለ ስለሆነ ማዕበሉ ከክፍት ባሕር ያነሰ ነው። ውሃው አረንጓዴና ደፍራሳ ነው፤ ባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከሚበቅለው የማንግሮቭ ደን የሚመጣው ጭቃ ስላለበት ታቹ አይታይም። ለአንቺ ይህ ከባድ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመሽ እወቂው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ የከፍታው ልዩነት ሁለት ሜትርን ያልፋል፣ ጅረቱም (የውሃው ፍሰት) ይበረታል፤ ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሰሞን ጅረቱ ይለዝባል። ቀኑ ገና ካልተቆረጠ ግማሽ ጨረቃን ምረጡ። በኖራ ድንጋይ ደሴቶቹ ውስጥ ያሉት፣ ጣሪያቸው ለሰማይ የተከፈተ ሆንግ የሚባሉት ሐይቆች ግን መግቢያቸው በውሃው ከፍታ ስለሚወሰን በዚያ ሰሞን የትኞቹ እንደሚገቡ አስጎብኚውን ጠይቁ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ራሳችሁ አትቅዘፉ። በዚያ አካባቢ አስጎብኚ ከኋላ ተቀምጦ የሚቀዝፍባቸው፣ እንግዶቹ ከፊት የሚቀመጡባቸው ታንኳዎች የተለመዱ ናቸው። አንዳችሁም አዛዥ አትሆኑም፤ እጃችሁ ነፃ ነው፤ ጎን ለጎን ባትሆኑም አንድ ነገር አብራችሁ ታያላችሁ። ወደ ሆንግ በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ በጀርባ መተኛት ያስፈልጋል። ጨለማ ነው፣ ጣሪያው ፊት ላይ ይቀርባል፣ ግድግዳው እንደ ምላጭ የሚቆርጥ የባሕር ዛጎል የተጣበቀበት ስለሆነ በእጅ አይነካም። ይህ ለአንቺ የመጀመሪያ ቀን ሥራ አይደለም። መጀመሪያ ክፍት ውሃ ላይ፣ በማግስቱ ከፈለግሽ ዋሻው።

ራሳችሁ ስትቀዝፉ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ብቻ። ቢራውም ወይኑም ከቀዘፋ በኋላ ይሁን። ጃኬቱን ልበሽና ባለቤትሽ በትከሻው በኩል ወደ ላይ ይጎትተው፤ ወደ ጆሮሽ ከወጣ ሰፍቶሻል፣ ቀበቶው ይጥበቅ ወይም ይቀየር። ከባዱና ጉልበተኛው ከኋላ ይቀመጣል፤ ጀልባዋን የማዞር ኃይሉ እዚያ ነው። የቀዘፋውን ፍጥነት የምትወስኚው ግን አንቺ ከፊት ያለሽው ነሽ፣ እሱ ስለሚያይሽ ይከተልሻል፤ አንቺ እሱን ልትከተዪ አትችዪም። መቅዘፊያዎቻችሁ እርስ በርስ ከተጋጩ ስሕተቱ የኋለኛው ነው፤ ያስተካክለው። ይህን አስቀድማችሁ ከተስማማችሁ ትልቁ የጠብ ምንጭ ይደርቃል። ትእዛዝም በሚቀዘፍበት ጎን ብቻ ይጠራ፤ «በቀኝ»፣ «በግራ»፣ «ቁም»። «ወደ ግራ» የሚባል ነገር ጀልባዋ ላይ አይኑር። ሲነሱ ጅረቱን ተቃውማችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ጅረቱ ያግዛችሁ። ብዙ ጥንዶች ጅረቱ እየገፋቸው በደስታ ርቀው ይሄዱና ሲመለሱ በቀትር ፀሐይ፣ በደከመ ክንድ፣ ውሃ ጨርሰው ይጣላሉ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ ሊትር ውሃ ይዛችሁ ውጡ።

አንድ የስምምነት ቃል ምረጡ፤ ከልጆቻችሁ የአንዱ የቁልምጫ ስም ሊሆን ይችላል። ከሁለት አንዳችሁ ሲጠራው ሁለታችሁም መቅዘፊያውን ጭናችሁ ላይ ታጋድማላችሁ፤ ማንም አይናገርም፤ ከመሳብ ረዘም አድርጎ አየር ማስወጣት፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል። ከድንጋይ ራቅ ባለና በተረጋጋ ውሃ ላይ ካያክ ቆሞ መንሳፈፍ ያውቅበታል። ቃሉ ሁለት ጊዜ ከተጠራ ወደ ካታማራኑ ትመለሳላችሁ፣ ስለ ጉዳዩ የምታወሩትም ከተመለሳችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። ብትገለበጡም ተለማምዳችሁት ይሁን፤ ካፒቴኑን አስፈቅዳችሁ ካታማራኑ አጠገብ አንድ ጊዜ ሆን ብላችሁ ገልብጧት። ጀልባዋን አትልቀቂ፤ አትሰምጥም። አቃንታችሁ እሱ በማዶ ጎን ተንጠልጥሎ ይይዛታል፤ አንቺ በሆድሽ ተኝተሽባት ትወጪያለሽ፣ መጀመሪያ መቀመጫሽን፣ በመጨረሻ እግርሽን። ከዚያ አንቺ ዝቅ ብለሽ ታረጋጊያታለሽ፣ እሱ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ሽርሽር ነው ወይ ትዪኝ ይሆናል። ጥንዶች አዲስና ትንሽ ፈታኝ ነገር አብረው ሲሠሩ ትስስራቸው እንደሚጠነክር የአርተር አሮንና የባልደረቦቻቸው ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ጥንዶቹ እጅና እግራቸው ተጣምሮ ታስሮ ለ7 ደቂቃ በምንጣፍ ላይ እየዳኹ መሰናክል አለፉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ትዳራቸው የሰጡት ግምገማ አሰልቺ ሥራ ከተሰጣቸው ጥንዶች የተሻለ ነበር። ልብ በይ፤ ፈታኙ ነገር ምንጣፍ ላይ ነበር፣ ማንም ለሕይወቱ አልፈራም። አንዱ እየተዝናና ሌላው ነፍሱን ሊያድን ሲታገል የጋራ ጨዋታ የለም።

የዚህ ምክር ወሰን የት እንደሆነም ልንገርሽ። ባለቤትሽ ታሪኩን ከሰማ በኋላ ቢያሾፍበት፣ በልጆች ፊት ቢያነሳው፣ ወይም በቤትም እንደሚያስፈራራሽ፣ እጁን እንደሚያነሳብሽ እያወቅሽ በደብዳቤሽ ያልጻፍሽው ከሆነ፣ ያለኝን ሁሉ ተዪው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ውሃ ላይ አይወጣም፤ ያኔ የሚያስፈልግሽ የቀዘፋ ስምምነት ሳይሆን የደኅንነት ዕቅድ ነው፤ ለእህትሽ ንገሪያት፣ ባለሙያም አማክሪ።

ሰምቶ ካዘነ ግን ጉዞውን በጋራ እንደገና ያዙት። በዚያን ዕለት ጠዋት ፍርሃትሽ ከ7 በላይ ከሆነ ካያኩን እሱ ከአስጎብኚው ጋር ይሂድበት፣ አንቺ ካታማራኑ ላይ ቆዪ፤ ይህም ዱባይ ሳላችሁ የተስማማችሁበት ይሁን፣ እንደ ሽንፈትም እንደ ኩርፊያም እንዳይቆጠር። ቀሪው ክፍያ ከመከፈሉ በፊት ንገሪው።